ጥቃቅን ነፍሳትን በመዝገብ ስለ ማኖር፤ ታሪኩና ለእርሻ ሥራ የሚሰጠው ጥቅም

ባልትና የምታውቅ ሴት፤ ያቦካችው የጤፍ ሊጥ በኮመጠጠ ጊዜ ከላዩ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ ቀድታ ለሚመጣው ቡሖ ታስቀምጠዋለች። ይህም እርሾ የሚባለው ነው። እርሾው ያለቀባት ወይም የተበላሸባት እንደ ሆነ ከጎረቤቷ ትዋሳለች፤ ጎረቤቷም አትነፍጋትም፤ ነገ እርስዋም በተራዋ የምትዋስበት ቀን ይመጣልና። በዚያ እርሾ ውስጥ በዐይን የማይታዩ፤ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚለዩ ብዙ ዓይነት ሕያዋን ነፍሳት ይኖራሉ። ሊጡን የሚያቦኩት፤ ጣዕምም የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። እንግዲህ ጥቃቅን ነፍሳትን ከዘመን ወደ ዘመን ማቆየትና ለቸገረው ማካፈል ለአገራችን ሰው እንግዳ ሥራ አይደለም።

ነገር ግን በእርሾ ማሰሮ ውስጥ ብዙው ዓይነት ተደባልቆ ይኖራል እንጂ አንዱ ከሌላው ተለይቶ አይታወቅም። የትኛው ጠቃሚ፤ የትኛው ጎጂ እንደ ሆነ ለማወቅ፤ የሰብልና የከብት በሽታም የመጣ እንደ ሆነ በሽታውን በእውነተኛ ስሙ ለመጥራት፤ እያንዳንዱን ዓይነት ለብቻው ለይቶ፤ የተገኘበትን ስፍራና ቀን ጽፎ፤ ሳይሞትና ሳይለወጥ ማኖር ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠሩ ቤቶች ዛሬ ከ70 በሚበልጡ አገሮች ይገኛሉ። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው የእንግሊዝ አገር መዝገብ ታሪክ ነው። እርሱ የተመረጠበትም ምክንያት፤ በኢትዮጵያ የቡናን ዛፍ የሚያደርቀው ፈንገስ በዚያ ከተቀመጡት አንዱ ስለ ሆነና፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ስለ በሽታው አዲስ ዕውቀት የተገኘው ከዚያው ስለ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከመዝገቡ በፊት ስለ ነበረው ሁኔታ

ጥቃቅን ነፍሳትን ለይቶ የማራባት ጥበብ የተስፋፋው በ1880ዎቹ ዓመታት ነው። ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በመጀመሪያ በተቀቀለ ድንች ቁራጭ ላይ፤ ቀጥሎም በጄላቲን በረጋ መረቅ ላይ ያራባቸው ነበር። ጄላቲን ግን ሙቀት ሲያገኘው ይቀልጣል፤ ከነፍሳቱም አንዳንዶቹ ራሱን ጄላቲኑን ይበሉታል። የኮክ ረዳት የነበረው የዋልተር ሄሰ ሚስት ፋኒ ሄሰ፤ በማድ ቤቷ ጣፋጭ ምግብ ለማርጋት ትጠቀምበት የነበረውን፤ ከባሕር ሣር የሚወጣውን አጋር የተባለ ነገር እንዲሞክሩት አሳሰበች። አጋር በማራቢያው ሙቀት ሳይቀልጥ ረግቶ ስለሚቆይ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። በ1887 ደግሞ ዩሊዩስ ፔትሪ ክዳን ያለውን ጠፍጣፋ የብርጭቆ ሳሕን አወጣ። በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች ረዳትነት ከብዙ ዓይነት መካከል አንዱን ዓይነት ብቻ ለይቶ ማሳደግ ተቻለ። እንዲህ ተለይቶ የተራባው ዘር ይባላል።

ዘሩ ግን የለየው ሰው የግል ገንዘብ ሆኖ ይኖር ነበር። ሊቁ ሲሞት ወይም ሥራውን ሲለውጥ ዘሩ አብሮት ይጠፋል። ሁለት ሊቃውንትም በአንድ ስም ስለሚጠሩት ነፍስ ሲከራከሩ፤ በእጃቸው ያለው አንድ ይሁን ሁለት ለይቶ የሚፈርድ አልነበረም። የመሬት ክርክር ያለ ወሰን ምልክትና ያለ ሰነድ እንደማይቆም ሁሉ፤ ይህም ክርክር ሁለቱ ወገኖች የሚያምኑበት፤ በታመነ እጅ የተቀመጠ ዘር ካልተገኘ በቀር የሚያልቅ አልሆነም።

ይህን ችግር አይቶ ዘሮችን በመሰብሰብ ለፈለገው ሁሉ በዋጋ መስጠት የጀመረው በ1890 በፕራግ ከተማ የነበረው ፍራንቲሼክ ክራል ነው። ክራል በ1911 በሞተ ጊዜ ስብስቡ ወደ ቪየና ተወሰደ። ጠባቂው ኤርንስት ፕሪብራም በኋላ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ከፊሉን ይዞ ወደ ቺካጎ ሄደ፤ በቪየና የቀረው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፋ። በአንድ ሰው እጅ ብቻ የሚኖር ስብስብ የሰውዬውን ዕድሜና ዕድል እንደሚከተል ከዚህ ይታያል።

በሆላንድ አገር የሆነው ከዚህ የተሻለ ነው። በዚያ በ1904 የፈንገስ ስብስብ ተቋቋመ፤ በ1907 ዮሐና ቬስተርዳይክ የተባለች ሴት ሊቅ ወደ 80 የሚሆኑ ዘሮችን ተረክባ በረጅም ዘመን ሥራዋ ስብስቡን በሺህ የሚቆጠር አደረገችው። ይህች ሴት የዕፅዋትን በሽታ የምትመረምር ስለ ነበረች፤ ስብስቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለእርሻ ሥራ አገልጋይ ሆነ። ዛሬም ተቋሙ በስሟ ይጠራል።

የለንደኑ መዝገብ ስለ መቋቋሙ

ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው የዓለም ጦርነት፤ ከጥይት ሌላ ተስቦና ተቅማጥ የቁስልም መመረዝ ብዙ ወታደር ፈጁ። በማርች ወር 1915 ኧርነስት ኬብል የተባለ አንድ ተራ የእንግሊዝ ወታደር፤ በፈረንሳይ አገር ዊምሩ በተባለው ስፍራ በነበረው የጦር ሆስፒታል በደም ተቅማጥ ሞተ። ብሮውተን አልኮክ የተባለው የጦር ሐኪም ከዚህ ወታደር የበሽታውን ባክቴሪያ ለይቶ አስቀመጠ። በ1920 የእንግሊዝ መንግሥት የሕክምና ምርምር ሹማምንት በለንደን በሊስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ የዓይነተኛ ዘሮች ብሔራዊ ስብስብ የተባለውን ቤት ባቋቋሙ ጊዜ፤ ከዚህ ወታደር የተገኘው ዘር በ1 ቁጥር ተመዘገበ። ሰውዬው በሕይወቱ ሳለ ማንም ያላወቀው ሲሆን፤ ከሕመሙ የተወሰደው ዘር የአንድ አገር መዝገብ መጀመሪያ ሆነ።

የመዝገቡ ጠባቂ ራልፍ ሴንት ጆን ብሩክስ ነበር፤ ሜብል ሮድስም ረዳት ሆና ትሠራ ነበር። ሥራው ሲጀመር ወደ 200 የሚሆኑ ዘሮች ነበሩ። ለእያንዳንዱም ቁጥር ተሰጥቶት፤ ማን እንደ ለየው፤ ከማን ወይም ከምን እንደ ተገኘ ተጻፈ። ሐኪምም ሆነ የእርሻ መርማሪ ቁጥሩን ጠቅሶ ሲጠይቅ ከዘሩ ተከፍሎ ይላክለታል፤ ዋናው ግን በቤቱ ይቀራል።

በዚያ ዘመን ዘርን በሕይወት ማቆየት ብዙ ትጋት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ በአጋር ላይ ያለው ዘር ምግቡን ሲጨርስ ይሞታልና፤ አንዳንዱ በየሳምንቱ ሌላው በየወሩ ወደ አዲስ ቱቦ መዛወር ነበረበት። በዚህም ሥራ ሦስት አደጋዎች አሉ። አንደኛው፤ ከአየር የገባ ባዕድ ነፍስ ዘሩን ይቀላቅለዋል። ሁለተኛው፤ ዘሩ ብዙ ጊዜ ሲዛወር በምቾት ስለሚኖር ባሕርዩን ይለውጣል፤ በሽታ የማምጣት ኀይሉንም ሊያጣ ይችላል። ሦስተኛው፤ የደከመ ሠራተኛ ቁጥሩን አሳስቶ የጻፈ እንደ ሆነ፤ የሁለት ዘሮች ታሪክ ይለዋወጥና ስሕተቱ ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ይቀራል።

ከእነዚህ አደጋዎች ያዳነው ዘሩን አቀዝቅዞ ውሃውን በባዶ አየር ውስጥ መምጠጥ የተባለው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የደረቀው ዘር አየር ወጥቶለት በታሸገ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይተኛል እንጂ አይሞትም። ብልቃጡ ተሰብሮ ምግብ ባገኘ ጊዜ ይነሣል። ዘሩ በተኛበት ዘመን ስለማይራባ ባሕርዩ አይለወጥም። ከዚህም በኋላ አንዳንዱን ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ማኖር ተጀመረ።

የዚህ ጥበቃ ጥቅም በ2014 በግልጥ ታየ። በእንግሊዝ አገር ያሉ መርማሪዎች በ1 ቁጥር የተመዘገበውን ዘር አንሥተው በውስጡ ያለውን የዘር ጽሑፍ፤ ዲ ኤን ኤ የሚባለውን፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበቡት። ባክቴሪያው ፔኒሲሊንንና ኤሪትሮማይሲንን የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። ወታደሩ የሞተው ግን ፔኒሲሊን ከመታወቁ ከ13 ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ መድኃኒትን የመቋቋም ባሕርይ ሰው መድኃኒቱን ሳያወጣው በፊትም በተፈጥሮ እንደ ነበረ ታወቀ። ይህን ሊመሰክር የሚችል ከብልቃጡ በቀር ሌላ ምስክር አልነበረም።

ስለ ፔኒሲሊን ሻጋታ

በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በለንደን በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ሲሠራ፤ ባክቴሪያ ያራባበት ሳሕን ሻጋታ ገባበት። ሻጋታው ባለበት ዙሪያ ባክቴሪያው ጠፍቶ አየ። ከሻጋታው የሚወጣውንም ነገር ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው። ነገር ግን ፈሳሹን አጥርቶ መድኃኒት ማድረግ ስላልተቻለ፤ ነገሩ ወደ አሥር ዓመት ያህል ብዙ ሰው ሳያስበው ቆየ። ሻጋታው በዚህ ዘመን አልጠፋም፤ ፍሌሚንግ ለሌሎች አካፍሎት ነበርና። በብሔራዊውም ስብስብ በ4222 ቁጥር ተመዝግቦ ተቀመጠ።

በ1939 ጦርነት በተነሣ ጊዜ፤ ለንደን በአውሮፕላን ቦምብ እንዳትመታ ስለ ተፈራ ስብስቡ ከከተማው ወጥቶ ወደ ኤልስትሪ ተዛወረ። በዚያው ወራት በኦክስፎርድ ፍሎሪና ቼይን የተባሉት ሊቃውንት ፔኒሲሊንን ለማጥራት ይደክሙ ነበር። በ1940 ጠላት ወደ አገሩ ይገባል ተብሎ በተሰጋ ጊዜ፤ ሁሉ ነገር ቢቃጠል እንኳ ዘሩ እንዳይጠፋ የሻጋታውን ብናኝ በልብሳቸው ገበር ላይ ቀቡት። ከዚያም ሥራው ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1943 በፒዮሪያ ከተማ፤ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ባለበት ስፍራ፤ ከገበያ በመጣ በሻገተ አንድ የሜሎን ፍሬ ላይ ከፍሌሚንግ ሻጋታ ይልቅ እጅግ ብዙ ፔኒሲሊን የሚሰጥ ዘር ተገኘ። ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የዳነበትን መድኃኒት በብዛት ለማውጣት ያስቻለው ይህ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሥራ እንደ ነበረ ሊዘነጋ አይገባም።

መዝገቡ ስለ መከፈሉና ስለ ኪው

በ1947 ከእንግሊዝና ከግዛቶቿ የመጡ ሊቃውንት በለንደን ተሰብስበው ስለ ዘሮች ጥበቃ ተመካከሩ። አንድ ቤት ሁሉን ዓይነት አጥርቶ ሊጠብቅ እንደማይችል ስለ ታየ፤ ሥራው እንደየባለሙያው ይከፈል ተባለ። የሰውን በሽታ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች በቀድሞው ስብስብ ቀሩ፤ የጠመቃ እርሾዎች፤ ለፋብሪካ ሥራ የሚሆኑት፤ ዕፅዋትን የሚያሳምሙትም ባክቴሪያዎች ለየራሳቸው ጠባቂ ተሰጣቸው። ፈንገሶቹ ደግሞ ወደ ኪው ሄዱ። የፍሌሚንግም ሻጋታ ከፈንገሶቹ ጋር አብሮ ተዛወረ።

በኪው የነበረው ቤት የተቋቋመው በ1920 ነው። የመጀመሪያው አለቃ ኤድዊን በትለር በህንድ አገር ብዙ ዘመን የዕፅዋትን በሽታ የመረመረ ሰው ነበር። የቤቱ ሥራ በእንግሊዝ ግዛቶች ሁሉ ያሉ የእርሻ ሹማምንት የታመመ ቅጠል፤ ግንድ ወይም ፍሬ ሲልኩ የበሽታውን ስም መርምሮ መመለስ ነበር። በዚህ ምክንያት ከአፍሪካና ከእስያ ብዙ ሺህ ናሙና በዚያ ተከማቸ። ቤቱ ዛሬ ካቢ በተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ሥር ሆኖ፤ ከ1992 ጀምሮ በኤገም ይገኛል፤ በመዝገቡም ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ዘሮች አሉት።

በዚያ ዘመን ናሙናው ሲወሰድ የአገሩ ባለቤት ፈቃድ ይጠየቅ እንዳልነበረ ግልጥ ነው። ዕውቀቱ በኪው ሲከማች፤ ዛፉ የደረቀበት ገበሬ ግን የመልሱን ደብዳቤ እንኳ ሳያይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ይህ ሁኔታ በሕግ የተለወጠው በኋላ ነው። በ1992 በሪዮ በተፈረመው የብዝሐ ሕይወት ውል፤ ቀጥሎም በ2010 በናጎያ በተደረገው ስምምነት፤ እያንዳንዱ አገር በምድሩ ባሉት ሕያዋን ላይ ሥልጣን እንዳለው ታወቀ። ኢትዮጵያም በ2006 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 482፤ ማንም ሰው የዘር ሀብትን ከአገር ሲያወጣ ፈቃድ መያዝ እንዳለበት፤ ከሚገኘውም ጥቅም ተካፋይነት እንደሚኖር ደነገገች። በ1976 የዕፅዋትን ዘር ለመጠበቅ በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሐ ሕይወት ኢንስቲትዩት ተብሎ፤ ከአዝርዕት ሌላ ጥቃቅን ነፍሳትንም የመጠበቅ ኀላፊነት አለበት።

ቡናን ስለሚያደርቀው ፈንገስ

ይህ በሽታ በመጀመሪያ የታየው በ1927 ዛሬ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በሚባለው አገር ነው። ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ባሉት ዓመታት በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ብዙ የቡና እርሻ አጠፋ። ስቴያርት የተባለው መርማሪ በ1948 ፈንገሱን ፉዛሪየም ዚላሪዮይደስ ብሎ ሰየመው። በየአገሩ የታመመው ዛፍ በሰፊው እየተነቀለ ስለ ተቃጠለና በሽታውን የሚቋቋም ዓይነት ስለ ተተከለ፤ ሕዝቡ በሽታው አለቀለት ብሎ አሰበ። ነገር ግን በኮንጎ እንደ ገና ተነሣ፤ በ1993 ወደ ዩጋንዳ፤ ቀጥሎም ወደ ታንዛኒያ ተሻገረ። በዩጋንዳ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር የሮቡስታ ቡና ዛፍ አደረቀ።

በኢትዮጵያ በሽታው የተነገረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የሚጎዳውም አራቢካ የተባለውን የአገራችንን ቡና ነው። ዛሬ በእርሻ ቡናም ሆነ በደን ቡና ይገኛል። ፈንገሱ በአፈርና በደረቀ ግንድ ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ዛፉ የሚገባውም ብዙ ጊዜ በቁስል በኩል ነው። ገብቶም ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ምድር ረጥቦ ሳለ ዛፉ በውሃ ጥም እንደ ሞተ ሆኖ ይታያል። ቅጠሉ በመጀመሪያ በአንድ ወገን ይጠወልጋል፤ ይጠቀለላል፤ ይረግፋል፤ ቀጥሎም ዛፉ በሙሉ ይደርቃል። ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱ የተፋቀ እንደ ሆነ ከሥሩ ሰማያዊነት ያለው ጥቁር መስመር ይገኛል።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። ካለፈው መቅሠፍት ዘመን ጀምሮ ከልዩ ልዩ አገር ከታመመ ቡና የተለዩት የዚህ ፈንገስ ዘሮች በእንግሊዙ ስብስብ ተኝተው ነበር። በ2021 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፤ መርማሪዎች ከቀድሞው ዘመንና ከኋለኛው ዘመን የተገኙ ስድስት ዘሮችን ከእንቅልፍ አንሥተው የዘር ጽሑፋቸውን አነበቡ። ከእነዚህም መካከል ከአራቢካ ቡና የተገኙት አሉ። ንባቡ ያሳየው ነገር ይህ ነው፤ በአራቢካ ላይ የሚኖረውና በሮቡስታ ላይ የሚኖረው አንድ ስም ቢኖራቸውም በዘር የተለያዩ ናቸው። ከዚህም በላይ ይህ ፈንገስ ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ከተባለው፤ በአፈር ከሚኖረውና ቲማቲምንና ሙዝን ከሚያጠወልገው ዘመዱ፤ ተክልን ለማጥቃት የሚረዱ የዘር ክፍሎችን እንደ ተቀበለ የሚያመለክት ምልክት ተገኘ። በ2024 የወጣው ሌላ ጥናትም እነዚህ ክፍሎች ከአንዱ ፈንገስ ወደ ሌላው በምን እንደሚሻገሩ ገለጠ። ፈንገሱ ከእናትና ከአባት በመውረስ ብቻ ሳይሆን፤ ሰው ከጎረቤቱ መሣሪያ እንደሚዋስ ከባዕድ እየተዋሰ ይበረታል ማለት ነው።

የፍሌሚንግም ሻጋታ በ2020 በዚሁ ዓይነት ከቅዝቃዜው ወጥቶ ተነቧል፤ ከአሜሪካኖቹም የፋብሪካ ዘር ጋር ተመዛዝኗል። የታመመውን ቡና ቆርጦ የላከው ሰው ዲ ኤን ኤ ስለሚባለው ነገር ሳያውቅ ሞቶ ይሆናል። እርሱ ያደረገው ነገር ቢኖር ቀኑንና ቦታውን ጽፎ መላክ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ለተነሡት መርማሪዎች የጠቀማቸው ግን ይኸው ጽሑፍ ነው። በሽታው በሚቀጥለው ጊዜ መልኩን ለውጦ የመጣ እንደ ሆነ፤ አዲስ መሆኑ የሚታወቀው ከአሮጌው ጋር ሲመዛዘን ነው። አሮጌው ያልተቀመጠ እንደ ሆነ ግን መመዛዘኛ የለም።

በመዝገብ ስለማይቀመጡትና ስለሚጠቅሙት

ነፍሳት ሁሉ በአጋር ላይ አይኖሩም። የስንዴ ዋግ የሚባለው ፈንገስ ከሕያው ስንዴ ተለይቶ እንደ ሌሎቹ በሳሕን ላይ አያድግም። ስለዚህ የሚጠበቀው በሕያው ተክል ላይ እየተራባ ወይም ብናኙ በብርቱ ቅዝቃዜ እየተቀመጠ ነው። በ2013 በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዓይነት ዋግ በመታው ጊዜ፤ የዋጉ ወገን ማን እንደ ሆነ የታወቀው ብናኙ ተልኮ በተመረመረ ጊዜ ነው። ወገኑ ሳይታወቅ የሚቋቋመውን ስንዴ መምረጥ አይቻልም።

የሚጠቅሙትም ነፍሳት እንዲሁ ጠባቂ ይሻሉ። በባቄላ፤ በአተርና በሽምብራ ሥር እንደ ጠጠር ሆኖ በሚታየው እባጭ ውስጥ ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ተክሉን ይመግባሉ። ባቄላ የተዘራበት መሬት በማግሥቱ ዓመት ለስንዴ የሚመቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህን ባክቴሪያ ከዘሩ ጋር ለውሶ ለመዝራት በከረጢት ማደል ተጀምሯል። በከረጢቱ ያለው እውነተኛው ዘር መሆኑ የሚረጋገጠው ግን ዋናው በመዝገብ ቤት ንጹሕ ሆኖ የተቀመጠ እንደ ሆነ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለሹማምንትና ለእርሻ ባለቤቶች የሚወጣው ትምህርት

አንደኛ። የቡና ዛፍ ያለ ምክንያት ደርቆ የተገኘ እንደ ሆነ፤ ትእዛዙ በሥርዓት ይሁን፤ አስቀድሞ ናሙና ይወሰድ፤ ቀጥሎ ዛፉ ይቃጠል። ማቃጠል ብቻውን በሽታውን ያስታግሣል፤ ነገር ግን ምስክሩን አብሮ ያጠፋል። ናሙና መውሰድ ብቻውን ደግሞ የጎረቤትን ቡና ለአደጋ ይተዋል። ሁለቱም በአንድ ቀን ሊደረጉ ይችላሉ።

ሁለተኛ። ናሙናው የታመመውና ጤነኛው ክፍል ከሚገናኙበት ስፍራ ይቆረጥ። ፈጽሞ ከደረቀው ዛፍ ይልቅ በመድረቅ ላይ ካለው የተወሰደው ይሻላል፤ ፈጽሞ በደረቀው ላይ ሌሎች ሻጋታዎች ገብተው ዋናውን ይሸፍኑታልና። በወረቀት ይጠቅለል እንጂ በላስቲክ አይታሸግ፤ በላስቲክ ውስጥ ወዝቶ ይበሰብሳል። ሳይውል ሳያድርም ወደ ምርምር ቤት ይላክ፤ ስለ ቡና በጅማ አጠገብ በመልኮ፤ ስለ ሌላው የዕፅዋት በሽታ በአምቦ ያሉት የእርሻ ምርምር ቤቶች ይህን ሥራ ይሠራሉ።

ሦስተኛ። ከናሙናው ጋር የሚሄደው ወረቀት ከናሙናው አያንስም። ቀኑ፤ ወረዳውና ቀበሌው፤ የቦታው ከፍታ፤ የቡናው ዓይነት፤ ስንት ዛፍ እንደ ታመመ፤ አጠገቡ ምን እንደ ተተከለ፤ በቅርብ ጊዜ በገጀራ ተመንጥሮ እንደ ሆነ ይጻፍበት። ጽሑፉ በእርሳስ ቢሆን ይመረጣል፤ የብዕር ቀለም ርጥበት ሲነካው ይጠፋል። ወረቀት የሌለው ናሙና ግንድ ብቻ ነው።

አራተኛ። የታመመው ዛፍ ተነቅሎ ባለበት ስፍራ ይቃጠል እንጂ ለማገዶ ወይም ለአጥር ተብሎ ከቦታ ወደ ቦታ አይጎተት። ብዙ እርሻ የጠፋው ግንዱን በተሸከመው ሰው እጅ ነው። ለአረም የሚገቡ ሰዎች የዛፉን ግርጌ በመቆፈሪያና በገጀራ እንዳያቆስሉት ይከልከሉ፤ መሣሪያቸውም ከታመመ ዛፍ ወደ ጤነኛ ከመሻገሩ በፊት በእሳት ይለብለብ። በተነቀለበትም ጉድጓድ ወዲያው መልሶ ቡና መትከል አይገባም።

አምስተኛ። ከውጭ አገር የመጣ ሰው ወይም የአገር ተወላጅ፤ ለምርምር ነው በማለት አፈር፤ እርሾ፤ የታመመ ተክል ወይም የደን ናሙና ከአገር ለማውጣት የፈለገ እንደ ሆነ፤ የፈቃድ ወረቀቱን ማየት የወረዳው ሹም ድርሻ ነው። ፈቃድ ያለው በመልካም ይስተናገድ፤ ምርምር የሚጠቅም ነውና። ፈቃድ የሌለው ግን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይመራ። ከወጣም በኋላ የዚያው ዘር ተካፋይ በአገር ውስጥ መዝገብ መቅረቱ ይጠየቅ።

ስድስተኛ። የመዝገብ ቤት ሥራ የማይታይ ሥራ ነው። የማቀዝቀዣው መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ፤ የጠባቂው ደመወዝ ቢዘገይ፤ መዝገቡን የሚያውቀው ሰው ያለ ተተኪ ቢሄድ፤ የሃያ ዓመት ድካም ያለ ድምፅ ይጠፋል፤ የቪየናው ስብስብ ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ የበጀት ጉዳይ በሚነሣበት ጊዜ፤ አዝመራ የማይታይበት ሥራ ነው ተብሎ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀነስ እንዳይሆን ማሰብ ይገባል። ከተለያየ ክፍለ ሀገር የሚመጣው ናሙና ሲበዛና ጽሑፉ ሲታረም፤ የአገሪቱ መዝገብ በዚያው መጠን የታመነ ይሆናል። የመዝገቡም ጅማሬ ከየወረዳው በትክክል ተጽፎ የሚላከው ትንሽ ጥቅል ነው።